ከማማው የጮኸው ማን ነበር

ተረት ልጣል ነው። ጣል፣ እኛ እናነሳለን በሉ። አላችሁ? ያላለ ካለ ማሽላው ላይ ወፍ ይውረድበት።

ድሮ ነው፣ በጣም ድሮ። ዝንጀሮ ሰውን በስሙ ጠርቶ በሚሰድብበት፣ ወንጭፍ በምትመክርበት፣ ማማ ወገቤን በሚልበት ዘመን ነው። በዚያ ዘመን ስልክ ነበረ ወይ ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ነበረ። ተረቱ የእኔ ነው፤ ነበረ ካልኩ ነበረ።

ቆላ ውስጥ፣ ከአንድ ትልቅ ገደል ሥር፣ ማሽላ የሚዘራ አገር ነበረ። የዚያ አገር ማሽላ ቁመቱ አይነገርም። ግመል ገብታ ትጠፋበታለች፤ ፈልገው ሳያገኟት ወልዳ ትወጣለች። ማሽላው ሲበዛ ግን ዝንጀሮውም በዛ። ገደሉ ላይ ተደርድሮ ሲቀመጥ ገደሉ ራሱ ፀጉር ያበቀለ ይመስል ነበር።

የአገሩ ሥርዓት እንዲህ ነው። ማሽላው እሸት ሲይዝ ሁሉም በየማሳው መሀል አራት ምሰሶ ተክሎ፣ ከላይ ርብራብ ረብርቦ ማማ ይሠራል። ወንጭፉን ይዞ ይወጣል፣ እየዞረ ያያል፣ ይጮኻል። አንዱ ሲጮህ ጎረቤቱ ይቀበላል፤ ከዚያ የሚቀጥለው ይቀበላል፤ ጩኸቱ ሸለቆውን ዞሮ ተመልሶ ይመጣል። ይኼ ጩኸት ለዝንጀሮ ብቻ አይደለም፣ ለጎረቤትም ነው። ድምፁ የጠፋ ጠባቂ ወይ እባብ ነድፎታል፣ ወይ እንቅልፍ ጥሎታል ይባልና ጎረቤቱ ከማማው ወርዶ ሮጦ ይደርስለታል። ድምፁ ካለ ግን ሰውየው አለ። እንዲያ ነበር የሚታመነው።

በዚያ አገር ሙሄ የሚባል ጎልማሳ ነበረ። ሙሄ ሰነፍ አልነበረም፤ ይኼን ያዙልኝ። ወንጭፍ ሲወረውር ዝንጀሮውን ትቶ ጀርባው ላይ ያለችውን ቁንጫ ለይቶ ይመታል ይባልለት ነበር። ሲጮህ ደግሞ ደመና ይሸሻል። ዝናብ የሚፈልግ ሰው እንኳን፣ እባክህ ሙሄ ዛሬ ቀስ ብለህ ጩህ ብሎ ይለምነው ነበር።

ከሙሄ ማሳ ጎን፣ ወደ ገደሉ በኩል፣ የጦይባ ማሳ አለ። ጦይባ ባሏ የሞተባት፣ የሟች እህቷን ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። ሁለቱን ማሳ ከአንድ ማማ ማየት ይቻላል። አንድ ቀን ከገደሉ ማዶ የተዳረችው ልጇ ልትወልድ ነው የሚል መልእክት መጣባት። እናት ናትና መቅረት አትችልም። ልጆቹን አስከትላ፣ ነጠላዋን አጥብቃ ሙሄ ዘንድ መጣች።

"ሙሄዋ፣" አለችው፣ "ያለኝ ይኸው ነው። ከዚህ ማሽላ ሌላ እነዚህን የማበላበት የለኝም። አደራህን።"

"እቴ ጦይባ፣ ልብሽ ይረፍ፣" አላት። "ከራሴ በፊት ያንቺን አያለሁ።"

ጦይባም አምና ሄደች።

አሁን ወደ ስልኩ እንምጣ። ሙሄ በዚያ ሰሞን አዲስ ስልክ ገዝቶ ነበር። ለምን ገዛህ ሲባል፣ ሥራዬን ያቀናልኛል፣ ጊዜዬን ያደራጅልኛል ይል ነበር። ማታ ማታ ሶላር ካለው ሱቅ ቻርጅ ያስደርገዋል፣ ጠዋት ኪሱ ከቶት ማማው ላይ ይወጣል።

በመጀመሪያው ቀን ሙሄ ማማው ላይ ቆሞ ገና ጉሮሮውን ሲጠርግ ስልኩ በኪሱ ውስጥ ተንቀጠቀጠ።

"ሙሄ፣ አንዴ ብቻ እየኝ፣" አለው። "አንድ ሰውዬ ከግመል ላይ ሲወድቅ አለ። እሱን አይተህ ወደ ሥራህ።"

ሙሄ አየ። ሰውየው ወደቀ። ሙሄ ሳቀ። ስልኩም፣ ከበሬ ላይ የሚወድቅ ደግሞ አለ አለው። ከበሬ ላይ የሚወድቀውን አየ። ከበቅሎ የሚወድቅ መጣ፣ ከጣሪያ የሚወድቅ መጣ፣ ከሙሽራ ወንበር የሚወድቅ መጣ። ያን ዕለት ያልወደቀ ሰው አልቀረም። ዓለም በሙሉ በሙሄ መዳፍ ላይ ወድቃ ዋለች።

ገደሉ ላይ የዝንጀሮዎቹ አለቃ አባ ጎፈር ተቀምጧል። አንዲት ሰላይ ወደ ማሳው ልኮ ነበርና ተመልሳ መጣች።

"አቀርቅሯል፣" አለችው።

"ጸሎት ላይ ነው?"

"አይ፣ ይስቃል።"

አባ ጎፈር ጎፈሩን አከከ። "አቀርቅሮ የሚጸልይ ዓይኑ እዚሁ ነው፤ ቶሎ ቀና ይላል። አቀርቅሮ የሚስቅ ግን ዓይኑ ሌላ አገር ሄዷል። ውረዱ።"

ወረዱ። በጦይባ ማሳ ጠርዝ ገብተው ከገደሉ በኩል ያለውን ማዕዘን በሉት። ባትሪው ሲሞት ሙሄ ቀና አለ። ጠዋት ዘለላው ከብዶት ያጎነበሰው ማሽላ አሁን ራሱ ተቆርጦ አገዳው ብቻ ቆሟል። ሙሄ ፊቱ ጋለ። እንዴት እንደጋለ ብነግራችሁ አታምኑም፤ ጢሙ ላይ እሸት ቢጠበስበት ይበስል ነበር።

ወንጭፏ ከምሰሶው ላይ ሆና ተናገረች። አሮጊት ናት፣ የአባቱ ነበረች። "ልጄ፣ እኔ እዚህ ነበርኩ። ጠጠር አፌ ውስጥ ይዤ ስጠብቅህ ዋልኩ።"

ማማውም፣ እኔም ወገቤ እስኪንቀጠቀጥ ሳቅህን ተሸክሜ ዋልኩ ብሎ አጉረመረመ።

ሙሄ ወርዶ ወደ ማዕዘኑ ሄደ። ደኅናውን ማሽላ ግራና ቀኝ ጎትቶ፣ አንዱን ከአንዱ አቀፍ አድርጎ በሣር አሰረው፤ ከማዶ ማማ የሚጠብቁት አያ ይመር ቀዳዳውን እንዳያዩት። ጥፋቱን አላሰረም፤ ሐፍረቱን ነው ያሰረው። ሣር ደግሞ ሐፍረትን አይችልም።

በማግስቱ ሙሄ ገና ሳይወጣ ስልኩን ተቆጣው። በአንተ ምክንያት የሰው አደራ አስበላሁ አለው። ስልኩ ግን ምላሱ ለስላሳ ነበር።

"ጥፋቱ የእኔ አይደለም፤ ያልተደራጀኸው አንተ ነህ። እኔ አደራጅሃለሁ። ማሳውን በአራት ማዕዘን ክፈለው። በየተራው ደወል እደውልልሃለሁ፤ ስደውል አንዱን ማዕዘን ታያለህ። መሀል ላይ ታርፋለህ።"

ሙሄ ይኼን ሲሰማ ደረቱን ነፋ። ከአያት ከቅድመ አያቱ ጀምሮ ማሽላ በዘፈቀደ ሲጠበቅ ኖሮ አሁን ገና በሥርዓት ሊጠበቅ መሰለው። ወንጭፏ፣ ዝንጀሮ ተራ አይጠብቅም ብላ ልትነግረው ሞከረች፤ አሮጊት ምን ታውቃለች ብሎ አለፋት።

ደወሉ ደወለ። ሙሄ ደወሉን ሊዘጋ ስልኩን አነሳ። ካነሳው ወዲያ እዚያው ቀረ። አንዱ ሰላም ብሎታል፣ ሰላም ይመልሳል። አንዱ በሬውን ፎቶ አንስቶ ልኮለታል፣ ማሻ አላህ ይላል። ሌላው ያ በሬ የእሱ አይደለም ብሏል፣ እሱን ያጣራል። የበሬውን ነገር ሲያጣራ ሁለተኛው ደወል ይደውላል፤ እሱንም ይዘጋል፣ ወደ በሬው ይመለሳል። የአንደኛው ማዕዘን ተራ ለሁለተኛው፣ የሁለተኛው ለሦስተኛው እየተላለፈ፣ የጦይባ ማሽላ ወረፋ ላይ ቆሞ ዋለ።

ዝንጀሮዎቹ መጀመሪያ ደወሉን ሲሰሙ ደንግጠው ወደ ገደሉ ሽቅብ ሮጡ። ሰላይዋ ግን ከድንጋይ ጀርባ ቀርታ አየች። ተመልሳ ለአባ ጎፈር፣ ደወሉ ሲጮህ ይቀመጣል ብላ ነገረችው።

"እንግዲያው የምሳ ደወል ነው፣" አለ አባ ጎፈር።

ከዚያ በኋላ ደወሉ በተደወለ ቁጥር ዝንጀሮዎቹ ተሰልፈው ይወርዱ ጀመር። የዘገየውን ይቆጣሉ። አንዱ ሽማግሌ ዝንጀሮ እንዲያውም ደወሉ ሲዘገይበት፣ ይኼ ሰው ዛሬ ሥራ ትቷል እንዴ ብሎ አማረረ።

ባትሪው ሲሞት ሙሄ ቀና አለ። አሁን ማዕዘን አይደለም የጠፋው፤ ከገደሉ እስከ ማሳው መሀል የገባ መንገድ ተከፍቷል፣ ሠርገኛ በፈረስ የሚያልፍበት። የቀረ ሣር ሁሉ ቢሰበሰብ ያን አያስርም።

ሐፍረት ዓይን የሚያሳርፍበት ቦታ ይፈልጋል። ማሽላውን እንዳያይ፣ ወንጭፏን እንዳያይ፣ የሚያይበት ሲያጣ የሞተውን ስልክ አውጥቶ ጥቁር ፊቱን አየ። እዚያ ውስጥ ደግሞ የራሱን ፊት አገኘ። ቶሎ ኪሱ ከተተው።

ወደ ቤት ሲወርድ አያ ይመርን መንገድ ላይ አገኛቸው። አያ ይመር ጥርሳቸው ያለቀ፣ ጉሮሯቸው ግን ያላለቀ ሽማግሌ ናቸው። እንዴት ዋልክ አሉት። ደኅና አላቸው። የጦይባ ማሽላስ? ደኅና ነው አላቸው፤ ይኼን ሲል ምላሱ ራሷ አፍራ ከጥርሱ ኋላ ተደበቀች።

"ድምፅህ ግን ዛሬ ሳሳብኝ፣ ሙሄ፣" አሉት። "አምስቴ ጮኼ አንዴ ነው የመለስክልኝ። ነገም ከጠፋብኝ አመመህ ብዬ እመጣለሁ።"

ሙሄን ያስጨነቀው ይኼ ነው። አያ ይመር ከመጡ ማሳውን ሊያዩ ነው። ማሳውን ካዩ አገሩ ሊሰማ ነው። የጦይባ ማሽላ እንዴት ይትረፍ ብሎ አይደለም የተጨነቀው፤ አያ ይመር እንዴት ይቅሩልኝ ብሎ ነው። ሰው ሲያፍር መጀመሪያ የሚጥለው ያፈረበትን ነገር ነው።

በሦስተኛው ቀን ስልኩ ሳይጠየቅ መልስ ይዞ ጠበቀው።

"ድምፅህን ስጠኝ፣" አለው። "አንዴ አጥርተህ ጩህልኝ፤ እኔ ቀኑን ሙሉ እጮህልሃለሁ። አንተ እኔን እያየህ ትውላለህ።"

ሙሄ ስልኩን አፉ ላይ ደቅኖ፣ ደረቱን ሞልቶ፣ በሕይወቱ ጮኾ የማያውቀውን ጩኸት ጮኸበት። "ሂድ! ሂድ ከዚህ! አየሁህ!" ስልኩ ድምፁን ዋጠው። ከዚያም ማማው ጣሪያ ላይ ተንጠልጥሎ እያረፈ ይተፋው ጀመር። ሂድ፣ ሂድ ከዚህ፣ አየሁህ። ሂድ፣ ሂድ ከዚህ፣ አየሁህ።

ወንጭፏ በዚያ ቀን አልመከረችም። ፊቷን ወደ ምሰሶው አዞረች።

ሸለቆው ጩኸቱን ተቀበለው። አያ ይመር ከማዶ፣ ይኼ ልጅ ዛሬ ጉሮሮው ተከፈተ ብለው ደስ አላቸው። ምሳ ሲደርስ ቂጣቸውን ከመሶቡ አወጡና ብቻቸውን መብላት አስጠላቸው። እጃቸውን አፋቸው ላይ ከበው፣ ሙሄ፣ ትኩስ ቂጣ አለኝ፣ ይዤ ልምጣ ወይ ብለው ተጣሩ። ከማዶ፣ ሂድ ከዚህ፣ አየሁህ የሚል መልስ መጣላቸው።

አያ ይመር በዕድሜያቸው እንዲህ ተብለው አያውቁም። ቂጣውን ጠቅልለው መልሰው አስቀመጡት። ምን በደልኩት ብለው ሲያስቡ ዋሉ፤ ጀርባቸውን ወደ ሙሄ ማማ አዙረው።

ዝንጀሮዎቹ ያን ጩኸት መጀመሪያ ሲሰሙ ገደሉ ጫፍ ድረስ ሸሹ። ሁለተኛ ሲሰሙ እስከ ግማሽ ሸሹ። ሦስተኛ ሲመጣ አባ ጎፈር እጁን አንስቶ አቆማቸው። ጆሮውን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ።

"አስተውሉ፣" አላቸው። "አያስለውም። ትንፋሽ አይወስድም። ከግራ ስንገባም ያው፣ ከቀኝ ስንገባም ያው። ይኼ ድምፅ ዓይን የለውም። ብሉ።"

በሉ እንበል? አጨዱ ማለት ይሻላል። ልጆቻቸውን አዝለው፣ ሽማግሌዎቻቸውን ደግፈው ገቡ። ዘመዶቻቸውን ከሩቅ አገር አስጠሩ። እየበሉ ከስልኩ ጋር አብረው ሂድ ከዚህ፣ አየሁህ ይሉ ነበር፤ አንዱ ይጀምረዋል፣ ሌላው ይቀበለዋል። እንዲህ ያለ ቅብብል በዚያ ሸለቆ ተሰምቶ አያውቅም። ሙሄ ግን እዚያው ላያቸው ላይ ተቀምጦ አይሰማም። ከወንዝ ውስጥ ዓሣ በጥርሱ የሚይዝ ሰው እያየ ነው።

ባትሪው ሊሞት ትንሽ ቀርቶት ነበር። ከየት መጣ ሳይባል ድንገት ሞላ፤ ስክሪኑ እንደ ፀሐይ በራ። ሙሄም ዛሬስ ቀናኝ ብሎ ተመቻችቶ ተቀመጠ።

ያኔ አንድ እጅ ትከሻውን ነካው። ዞር ቢል አባ ጎፈር ነው። ማማው ላይ ወጥቶ፣ ጎፈሩን አበጥሮ፣ እንደ እንግዳ ቆሟል።

"ሙሄ ወንድሜ፣" አለው፣ "ሳናመሰግንህ ብንሄድ ነውር ነው። እኛ ዘንድ ነውር አለ። ያቺን ሴትዮ ሰላም በልልን። ያንተን ማሽላ አልነካነውም፤ የሷው በቃን።"

ሙሄ ዘሎ ተነሳ። የጦይባ ማሳ ራስ የሌለው ሕዝብ መስሎ ቆሟል። ከኋላው የእሱ ማሽላ ዘለላው ሙሉ ነው፤ የሴትዮዋ ማሳ አጥር ሆኖ ተበልቶለታል። ከገደሉ እስከ ታችኛው ወንዝ ያለ ሰው ሁሉ ይኼን ቢያይ ምን እንደሚል በአንዴ ገባው። በገዛ ጉሮሮው ጮኸ። "ሂድ! ሂድ ከዚህ!"

አንዲት ልጅ ዝንጀሮ የያዘችውን እሸት እየፈለፈለች፣ ዞር እንኳ ሳትል፣ "ያችው ጩኸት ናት፣" አለች።

አልሮጡም። ይኼ ነው የጎዳው። እየተጨዋወቱ፣ ሆዳቸውን እያሻሹ፣ ከሠርግ እንደሚመለስ ሰው ቀስ ብለው ሄዱ።

ጦይባ የደረሰችው በዚያው ሰዓት ነው። ልጇ በሰላም ተገላግላለች። ጦይባ ገደሉን እንደተሻገረች የሙሄን ድምፅ ሰማች፤ ጠንካራ፣ የማያቋርጥ፣ የማይደክም። እዚያው ቆማ እጇን ዘርግታ መረቀችው። እየወረደች መረቀችው፤ ያለ ማቋረጥ እየመረቀች መጣች። ዕድሜህ ይርዘም፣ ጉልበትህ አይለቅ፣ ብርሃንህ አይጥፋ፣ ድምፅህ አይዘጋ እያለች። ፀሐይ የመታውን አናቱን ልትቀባለት በትንሽ ቅል ቅቤ ይዛለታለች።

ማሳዋ ዳር ስትደርስ ዝም አለች። ገባች። አንዱን አገዳ ነካች፣ ሌላውን ነካች፤ የሞተ ልጅ ግንባር እንደምትነካ እናት። ልጆቹ ነጠላዋን ይዘው ከኋላዋ ቆሙ። ሙሄ ከማማው ወርዶ ፊቷ ቆመ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ።

"ሙሄዋ፣" አለችው፣ "ከላይ ሆኜ ስትጮህ ሰምቼሃለሁ። አንተ አልነበርክም?"

ሙሄ አፉን ሳይከፍት ከማማው ላይ መልስ መጣ። "ሂድ! ሂድ ከዚህ! አየሁህ!"

ጦይባ ዞር ዞር ብላ ዝንጀሮ ፈለገች። ዝንጀሮ የለም። ወደ ሙሄ ከንፈር አየች፤ ከንፈሩ እንደተዘጋ ነው። ወደ ማማው አየች። እንደገና፣ ሂድ ከዚህ፣ አየሁህ አላት።

"እኔን ነው?" አለች።

ሙሄ መሬት ብትከፈት ይገባ ነበር። መሬት ግን እሷም አፍራበት ጠብቃ ተዘግታለች።

"ምርቃቴስ?" አለች ጦይባ ቀስ ብላ። "ከገደሉ ጀምሬ እስከዚህ ስመርቅ ነው የመጣሁት። ማን ላይ አረፈ?"

"እኔ ዘንድ ደርሷል፣ እናቴ፣" አለ ስልኩ ከላይ። "አሜን ብያለሁ። ባትሪዬ ሞላ፤ ከእንግዲህም አያልቅም።"

ጦይባ አልተራገመችም። ምርቃት የሰጠችበትን አፍ በዚያው ሰዓት ለእርግማን መክፈት ነውር መሰላት። የቅቤውን ቅል መልሳ ነጠላዋ ሥር ከተተችው፤ ሙሄ ያቺ ቅል ስትደበቅ አያት። በዱላ ብትመታው ይሻለው ነበር።

ሙሄ ክንዷን ይዞ ወደ ራሱ ማሳ ወሰዳት። ዘለላው ሙሉ ነው። ይኼ ካሁን ጀምሮ ያንቺ ነው አላት። አያ ይመርም የጦይባን ምርቃት ሰምተው ከማዶ መጥተው ቆመው ነበርና ምስክር ሆኑ። ሙሄን ግን አላናገሩትም።

ጦይባ የተሰጣትን ማሽላ አየችው። ከዚያ ከኋላው ያለውን ገደል አየችው። "ተቀብያለሁ፣" አለች። "ገና አልደረሰም። ማን ይጠብቀዋል?"

 ሙሄ በአፉ እኔ ማለት አፈረ። በእጁ ደረቱን ብቻ ነካ።

በማግስቱ ማለዳ ሙሄ ስልኩን ከማማው ሥር ባለች ግራር ላይ ሰቀለው። ቀድሞ ቢያንስ ባትሪው ይሞትና ቀና ያደርገው ነበር። አሁን የተመረቀ ስልክ ነው፤ አይሞትም፣ አይደክምም፣ ዝም አይልም። ይሞታል ብሎ መጠበቅ የለም፤ ትቶት መውጣት ብቻ ነው ያለው። ወጣ። አንገቱ ከማቀርቀር ብዛት እንደ ማጭድ ደርቆ ነበርና ቀና ሲል ቋ ማለቱ እስከ ወንዙ ተሰማ።

ስልኩ ከሥር፣ ሙሄ፣ አንድ ሰው መጥቶልሃል ይለዋል። የበሬው ነገር ተጣራ ይለዋል። አንዴ ብቻ ይለዋል። የሙሄ እጅ ሳያዝዘው ወደ ኪሱ ይሄዳል፤ ኪሱ ባዶ ነው፤ እጁ ያፍርና ይመለሳል።

ዝንጀሮዎቹ ወረዱ። ሙሄ ጮኸ። "ሂድ! ሂድ ከዚህ! አየሁህ!" ከታች በኅብረት ሆነው ዜማውን ተቀበሉት፤ አንዱም አልሸሸም። ሙሄ ደጋግሞ ጮኸ፣ ደጋግመው ተቀበሉት። የጦይባን ሁለተኛ ማሽላ ሊያስበላ ነው። እንባው መጣ።

ያኔ ወንጭፏ ፊቷን ከምሰሶው መለሰች። "ልጄ፣" አለችው፣ "አየሁህ አትበላቸው። ያየኸውን በላቸው።"

ሙሄ እንባውን ጠርጎ አየ። በእርግጥ አየ፣ ከስንት ቀን በኋላ። ከዚያ ጮኸ። "አንተ ጆሮህ የተቀደደ፣ ግራ እጅህን ከዚያ አገዳ ላይ አንሳ! አንቺ ልጅ ያዘልሽ፣ ከጠፍጣፋው ድንጋይ ጀርባ ነሽ፣ ጅራትሽ ወጥቷል! አባ ጎፈር፣ ጎፈርህ ላይ እሾህ ተሰክቷል፣ በቀኝ በኩል!"

ጆሮው የተቀደደው ግራ እጁን አየ። ያዘለችው ጅራቷን ሰበሰበች። አባ ጎፈር እጁን ወደ ጎፈሩ ሰደደ፤ እሾህ አለ።

"ዛሬ ማማው ላይ ሰው አለ፣" አለ አባ ጎፈር። ዞሮ ሮጠ። ሁሉም ተከተለው። አቧራው ለሳምንት አልወረደም፤ በአቧራው መሀል የጠፋች አንዲት ዝንጀሮ ሌላ ወረዳ ነው የተገኘችው።

ሙሄ ማሽላው እስኪታጨድ እንዲሁ እያየ ጮኸ፣ እየጮኸ አየ። ጦይባ አጭዳ፣ ወቅታ፣ ጎተራዋን ሞላች፤ ልጆቹ ከረሙ። ሙሄ በዚያ ዓመት የሰው ደቦ እየዞረ በጉልበቱ በላ። አያ ይመር እስከ ክረምት ዘግተውት ቆይተው አንድ ቀን ቂጣቸውን ለሁለት ቆረሱለት፤ ሙሄም በሁለት እጁ ተቀበላቸው። ዝንጀሮዎቹ ግን አልረሱለትም። መንገድ ሲያልፍ ባዩት ቁጥር ከገደሉ ላይ ያችን ዜማ ያዜሙለታል፤ ሙሄም እርምጃውን ያፈጥናል።

ጦይባስ? ጦይባ ቂም አልያዘችም፤ አሁንም ትመርቀዋለች። ነገር ግን ከሩቅ ሰምታው አትመርቅም። ማማው ሥር ድረስ መጥታ፣ አንገቷን አቅንታ፣ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይታ ነው እጇን የምትዘረጋው። ሙሄም እስክታጣራ ድረስ ፊቱ እየጋለ ይቆምላታል።

አደራ በአፍ ይሰጣል፣ በዓይን ይጠበቃል።

እኔም ተረቴ ደረቀ፣ ጉሮሮዬም አብሮ ደረቀ። ጠላ ያለው ይቅዳልኝ፤ ከመቅዳቱ በፊት ግን ከንፈሬን አይቶ ያጣራ።